የካፒቴን ታደለ ተራ

አውራ ዶሮዬ የታረደው በአንድ እንግዳ አስተያየት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ። ልጄ ሜሮን ሰዎች በስልክ ክፍል የሚይዙበት አፕ ውስጥ ካስገባቻት ወዲህ፣ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ መሆኔ ቀርቶ እንግዶች የሚሰጡት ኮከብ ሆኗል። አንዱ እንግዳ “ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አውራ ዶሮ በሌሊት ይጮኻል” ብሎ ኮከብ ቀነሰብን። ሜሮን እንባ እንባ አላት። እኔም ቆሽቴ እያረረ ዶሮውን አሳረድኩት። ብዙም ሳይቆይ ሌላው መጣና “ቤቱ ጭር ያለ ነው፤ የሰፈር ድባብ የለውም” ብሎ ጻፈ። ምን ላድርግ እንግዲህ? የዶሮ ድምፅ ቀድቼ ላጫውት?

መጋረጃው ቀይ ነው፣ ክፍሉን ያጨልማል ሲሉኝ ነጭ አደረግኩት፤ ነጩ ፀሐይ ያስገባል፣ አያስተኛም ሲሉኝ መልሼ ቀዩን ሰቀልኩ። የቁርሱን ሰዓት፣ የሳሙናውን ሽታ፣ የዘበኛችንን ፊት ሳይቀር ቀይሬያለሁ። “ዘበኛው ፈገግ አይልም” ተብሎ ስለተጻፈበት፣ ምስኪኑ አሁን ለወጪ ገቢው ሁሉ ጥርሱን እያሳየ ሰው ያስደነግጣል። ይሄን ሁሉ ያየችው ሜሮን “እማዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አንቺም እንግዳ ሆነሽ እይው” ብላ ወደ ባሕር ዳር ላከችኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን ሴቶች “እስቲ አውሪን” እያሉ ፋታ ነሱኝ። ለእያንዳንዳቸው ከማወራ ብዬ እነሆ ጻፍኩት። አብዛኞቻቸው ባሕር ዳርን የሚያውቋት በግድግዳ ካላንደር ነው።

ማክሰኞ

ከሐዋሳ የወጣሁት ገና ሳይነጋ በሚኒባስ ነው። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እስከ ሞጆ ድረስ ስለ አንድ በሬ በስልክ ሲደራደር፣ እኔም ሳላስበው በሬውን ለመድኩትና ሽያጩ ሲፈርስ ከልቤ አዘንኩ። ሰውዬው ግን ምንም አልመሰለውም፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ትከሻዬ ላይ እንቅልፉን ለጠጠ።

አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ገነት ዘንድ አደርኩ። ቤቷ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ጉዱ የታየው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ። በጨለማ ስወጣ ተሳስቼ ያደረግኩትን ጫማ ይዤ ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሐዋሳ ቢሆን ገና ከሰፈር ሳልወጣ ሦስት ሰው ጠርቶ ይነግረኝ ነበር። ገነት ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ የራሷን ጫማ ሰጠችኝ። እግሯ ከእኔ ስለሚበልጥ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቀጠቅንበት።

ረቡዕ

ከአውሮፕላኑ መስኮት ጣናን ሳየው መጀመሪያ ሰማዩ ወርዶ የተኛ ነበር የመሰለኝ። የእኛ ሐይቅ ጨዋ ነው፤ ዳር ቆማችሁ ስታዩት ማዶው ይታያችኋል። ጣና ግን ማዶ የለውም። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቀናሁ። ከአውሮፕላን ስወርድ ግን ሙቀቱ ልክ የእኛው ነው፤ ነፋሱም የእኛው ነው፤ ባጃጁም እንደኛው ሰው ሳይቀመጥ የሚነሳ ነው። በዘንባባ መሀል እየበረርን ፋሲሎ የሚባለው ክፍለ ከተማ ደረስን።

ያረፍኩት ወይዘሮ ጥሩየ የሚባሉ ሴት ግቢ ነው። ባለቤታቸው ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሉም። ወይዘሮ ጥሩየ ልጆቻቸው ሲወጡላቸው የተረፉትን ክፍሎች ያከራያሉ። እሳቸውንም አንዷ ልጃቸው አፕ ውስጥ አስገብታቸዋለች። ይሄን ስሰማ የሩቅ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ለእራት ዓሳ እንዳለ ጠየቅኩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ እኛ ሐዋሳ ግን ክርክሩን ለካህናት ትተን በጾምም ዓሳ የምንበላ ብዙ ነን። ወይዘሮ ጥሩየ “አለ” ብለው ገቡና ጅራቱ፣ ክንፉ፣ ቅርፊቱ ሁሉ ቁጭ ያለ ዓሳ በወጥ ይዘው መጡ። ጎርሼ ሳየው የሽምብራ ዱቄት ነው። በአገራቸው ጾመኛ የሚበላው የሽምብራ ዓሳ ነው እንጂ ከውሃ የወጣ ነገር አይደለም። እውነተኛው ዓሳ ከቤታቸው የሚወጣው ጾሙ ሲፈታ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ጣና አፍንጫው ሥር ተቀምጦ ዓሳ የለም የሚል ቤት ያሳፍራል ብሎ የጻፈ እንግዳም ነበራቸው። ኮከቡን ገሽልጦ ነው የሄደው።

“ታዲያ ምን አደረጉ?” አልኳቸው፤ የኔ ዶሮ እየታወሰኝ።

“ምን አደርጋለሁ? ኮከቡ የእነሱ ነው፣ ይውሰዱት። ጾሙ ግን የእኔ ብቻ አይደለ፣ ምን ብየ እሸጠዋለሁ?” ብለው ወጥ ጨመሩልኝ። ያ የሽምብራ ዓሳ፣ ልንገራችሁ፣ ከእኛው ዓሳ አይተናነስም። ሁለተኛ ዓሳ ጠየቅኩ።

ሐሙስ

ለዘጌ ጉዞ ገና ሐዋሳ ሳለሁ ሜሮን በዚያው አፕ የያዘችልኝ ጀልባ ነበር። ካፒቴን ታደለ ይባላል። ፎቶው ላይ ሰፋ ያለ፣ ጢሙ የሸበተ፣ የፊት ጥርሱ መሀል ክፍተት ያለው ሰውዬ ሲስቅ ይታያል። ኮከቡ ሙሉ ነው። ከሥሩ አስተያየቱ ጉድ ነው፤ ቆሎ ያድላል፣ አሮጊት እጅ ይዞ ያወርዳል፣ ሰው ቢያረፍድበት አይቆጣም፣ እየዘፈነ ይወስዳል።

መሳፈሪያው ጋ ስደርስ ጀልባዎቹ ተሰልፈው ታስረዋል፤ ባለጀልባዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ካፒቴን ታደለን ፈልጌ እንደመጣሁ ብነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጎኑ ያለውን ቀጭን ወጣት በክርኑ ጎሰም አድርጎ “ተነሣ እንጂ፣ ዛሬ ታደለ አንተ አይደለህ?” አለው። ቀልድ መሰለኝ። ቀጭኑ ልጅ ተነሥቶ መጣና ታደለ ነኝ አለኝ።

ፎቶውን አየሁ፤ ልጁን አየሁ። “ከስተሃል ልበል?” አልኩት።

“ጾም ነው፣ እትየ” አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ጢሙን ተላጭቶት ነው እንበል። በጥርሱ መሀል ያለው ክፍተት ግን በጾም እንደማይዘጋ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል፣ ጠዋቱ ደስ ይላል፤ ዝም ብዬ ልሳፈር ስል የገነት ጫማ ከእግሬ ወልቆ ውሃ ውስጥ ገባ። ልጁ በመቅዘፊያ አውጥቶ ጨምቆ አቀበለኝና እጄን ይዞ አስገባኝ። ትንሽ እንደሄድን መዝፈን ጀመረ። ወይ አዘፋፈን! ደስ ብሎት ሳይሆን የታዘዘውን ሥራ እንደሚጨርስ ሰው ነበር የሚዘፍነው። ዘፈኑ እንዳለቀ ወዲያው ከላስቲክ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። ቆሎው እንኳ ጥሩ ነበር።

ዘጌ በቡና ጫካ ውስጥ የሚያስኬድ አቀበት ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል፤ እኔ የማልረሳው መንገድ ላይ ያገኘኋትን ሴት ነው። በረጠበ ጫማ እየተንሸራተትኩ ስመጣ አይታ፣ ሳልጠይቃት በርጩማ አወጣችልኝ። ውሃ አጠጣችኝ፣ ጫማዬን ፀሐይ ላይ አሰጣችልኝ፣ እስኪደርቅ ድረስም የልጆቿን ትምህርት አንድ በአንድ አወራችኝ። ስሄድ ሎሚ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። እኛ ሐዋሳ ለቱሪስት እንዲህ የሚደረገው ከሒሳብ በኋላ ነው።

ስንመለስ ሌላ ጀልባ ጎናችን መጣ። ወንድና ሴት ተሳፍረውበታል፤ የሚነዳው መነጽር ያደረገ አጭር ሰው ነው። ሴትዮዋ ስልኳን እየዘረጋችለት “ካፒቴን ታደለ፣ እስቲ አንዴ ፎቶ አንሳን!” አለችው። ሰውየውም እሺ ብሎ ተቀበላት። እኔ ወደኔው ታደለ ዞርኩ። የኔው ታደለ ወደ ሐይቁ ዞረ።

“ስንት ናችሁ?” አልኩት።

“ብዙ ነን” አለ ቀስ ብሎ።

ቆሽቴ አረረ። እኔ ለአንድ ኮከብ ዶሮ አሳርጄ፣ እነዚህ አንድ ኮከብ ለአገር ምድሩ ይከፋፈላሉ? ወይዘሮ ጥሩየ ቤት እንደገባሁ ለሜሮን ደውዬ የሆዴን አራገፍኩ፤ ፎቶው ሌላ ሰው ነው፣ የወሰደኝ ሌላ ነው፣ በአንድ ስም ሁሉም ይነግዳሉ አልኳት። የፈለግኩት ሰምታኝ እንድትስቅ ብቻ ነበር። ሜሮን ግን በኮከብ ቀልድ አታውቅም። ስልኩን እንደዘጋን ለአፑ አቤቱታ ጽፋ ላከች።

ዓርብ

ቁርስ ላይ ሳለሁ ያ ቀጭን ልጅ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ጥሩየ ገብቶ እንዲቀመጥ ቢለምኑትም ቆሞ ቀረ።

“እትየ፣ እንደሻው እባላለሁ” አለኝ። “ትናንት ታደለ ነኝ ብየ ዋሸሁዎት። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።”

ስልኩን አሳየኝ። ከአፑ የመጣው መልእክት፣ የገጹ ባለቤት ትክክለኛው ሰው መሆኑ ስላጠራጠረ፣ ካፒቴን ታደለ እስከ ማታ በስልክ ካሜራ ፊቱን እንዲያሳይ፣ ካላሳየ ገጹ እንደሚዘጋ ይናገራል። ትናንት በእንደሻው ጀልባ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አቤቱታው ከየት እንደመጣ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልጁ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ይሄ ደግሞ ከወቀሳ የባሰ ነው።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አጫወተኝ። ማኅበራቸው ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው በተራ ነው። ከፊት ያለው ጀልባ እንግዳ ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ ከመጨረሻ ይሰለፋል። ጎበዝም ሰነፍም፣ አዲስም አሮጌም ጀልባ እኩል ይበላል። ጋሼ ታደለ የማኅበሩ አንጋፋ ናቸው። አንድ የወሰዱት እንግዳ ወዷቸው ፎቶአቸውን አንሥቶ አፑ ላይ አወጣቸው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ታደለን ካላገኘሁ ማለት ጀመረ። ሌሎቹ ተራቸው ደርሶ ሲቀመጡ፣ ጋሼ ታደለ ከመጨረሻ እየተጠሩ ይወጣሉ። ጠብ ሆነ። አንድ ቀን ዋርካው ሥር ተሰብስበው፣ ጋሼ ታደለ ወይ ከአፑ ወይ ከማኅበሩ እንዲወጡ ጠየቋቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና “ስሜን ውሰዱት፤ ተራችን ይቆይልን” አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው የደረሰው ሁሉ ታደለ ነው።

እንግዳው ደግሞ አስተያየት አንብቦ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሁሉም ታደለ የተባለውን ያደርጋል። ቆሎ ይይዛል፣ እጅ ይዞ ያወርዳል።

“ዘፈኑስ?” አልኩት።

ከመካከላቸው ድምፅ ያለው አንዱ፣ አንድ ቀን ደስ ብሎት ዘፈነ። እንግዳው “ካፒቴን ታደለ ግሩም ይዘፍናል” ብሎ ጻፈ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁሉም ለመዝፈን ተገደዱ። “እኔ ድምፄን እራሴም አልወደውም” አለ እንደሻው አንገቱን ደፍቶ። ዶሮዬ ታወሰኝና ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ።

ጋሼ ታደለ ራሳቸው አሁን ቁንዝላ፣ ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ትንሽ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ጀልባ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል። ማኅበሩ ግን ተራቸውን አልሰረዘም። ሲደርሳቸው አንዱ በእሳቸው ፋንታ ይወጣና ድርሻቸውን ይልክላቸዋል። እሳቸው ሳልሠራ አልበላም ብለው ይመልሱታል፤ እነ እንደሻው መልሰው ይልኩታል። አሁን ገጹ ፋሲካ ሳይመጣ ከተዘጋ ግን የሁሉም ዓመት ተበላሸ ማለት ነው። ከየከተማው ቤተሰብ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያውቀው ዋርካውን ሳይሆን ገጹን ነው።

ወዲያው ለሜሮን ደወልኩ። አቤቱታውን መመለስ አልተቻላትም፤ ግን አንድ መላ ነገረችኝ። ጋሼ ታደለ ፊታቸውን ካሳዩ ገጹ ከመትረፉም ሌላ ስሙን መቀየር ይቻላል፤ “ካፒቴን ታደለና ባልደረቦቹ” ቢባል ማንም መዋሸት አይጠበቅበትም። ከእሳቸው ፊት በቀር ግን ያን በር የሚከፍት ነገር የለም።

“በል ተነሥ፣ ቁንዝላ ውሰደኝ” አልኩት።

ወይዘሮ ጥሩየ ዳቦና የሽምብራ ዓሳ ቋጠሩልኝ፤ የገነትን ጫማ ከእግሬ አስወልቀውም የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ አጠለቁልኝ። “እሱ ውሃ ቢገባም ይንሳፈፋል” አሉኝ። መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ ከፊት ያለው ተራ የማን እንደሆነ እንደሻው ጠየቀ። የጋሼ ታደለ ነው አሉት። ሰዎቹ ራሳቸው የጀልባውን ገመድ ፈቱልን።

እስከ ቁንዝላ ያለው ውሃ ረጅም ነው። እኛ አገር ይሄን ያህል በጀልባ ብንሄድ ሐይቁን ብዙ ጊዜ ዞረን እንጨርሰው ነበር። እንደሻው አልዘፈነም፤ እኔም አመሰገንኩት። ቁንዝላ ስንወርድ መረብ የሚያሰጡ ዓሳ አጥማጆች አሉ፤ እንደኛው የዓሳ ገበያ ጫጫታና የወፍ ግፊያ ግን የለም። መንገዱ አቧራ ነው። የስልኬ ኔትዎርክ ደግሞ ከጀልባው ስወርድ ጀምሮ ድርግም ብሏል። ከትናንት ጀምሮ እንደጠፋና ወደ ሐይቁ ገባ ሲባል ብቻ እንደሚይዝ ሰዎቹ ነገሩን።

ጋሼ ታደለን ቤታቸው ደጃፍ ጥላ ሥር አገኘናቸው። ፎቶው እሳቸው ናቸው፤ ስፋታቸው፣ ጢማቸው፣ የጥርሳቸው ክፍተት። ዓይናቸው ግን ወደኛ አልዞረም፤ ጆሯቸው ነው የዞረው። የእንደሻውን ድምፅ ሲሰሙ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ተራው ማን ጋ እንደደረሰ ጠየቁት። እሳቸው ጋ ነው ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

ከሳሿ እኔ መሆኔን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ።

“ልክ ነዎት። አንድ ቀን አንዲት ንቁ ሴት ትይዛችኋለች ብያቸው ነበር” አሉ። ከዚያ ግን ቆፍጠን ብለው ፊታቸውን እንደማያሳዩ ነገሩን። “ካፒቴን የሚባል የሚነዳ ነው። እኔ ተቀምጨ የሰው ላብ እበላለሁ። ምኑን ካፒቴን ነኝ ብየ ፊቴን ላሳይ?”

እንደሻው ለመናቸው። ልጃቸው ለመነቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ እምቢ አሉ። በእውነት አንጀቴን በሉኝ። ቢሆንም ሆዴ ሲባባ አፌ ይከፋልና እንዲህ አልኳቸው፦

“እኔ ከሐዋሳ ድረስ የያዝኩት ካፒቴን ታደለን ነው። እስካሁን ካፒቴን ታደለ አልነዳኝም። እንግዳ ነኝ፤ የያዝኩትን ይስጡኝ።”

ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እንደሻው ዘረጉ። “ንፋሱ ከየት ነው?” አሉት።

አሁን ይሄን ለእድራችን ሴቶች ስነግራቸው “አበድሽ እንዴ?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጀልባው ከዳር ሲርቅ እንደሻው ከኋላ ተነሣና ፊት ለፊት ሄዶ ተቀመጠ፤ ጋሼ ታደለ የሞተሩን እጀታ ያዙ። እኔ ላይፍ ጃኬቴን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ መጥራት ጀመርኩ። እንደሻው ከፊት አልፎ አልፎ “ትንሽ ወደ ቀኝ” ይላል እንጂ፣ ሐይቁ ባዶ ነው፣ የሚመታ ነገር የለም። ጋሼ ታደለ ጉንጫቸውን ለንፋሱ ሰጥተው ይነዳሉ። ቀስ በቀስ ትከሻቸው ሲላላ አየሁ። ቀስ በቀስ እኔም ጃኬቱን ለቀቅኩት።

መሀል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ኔትዎርክ መጣ። እንደሻው በስልኬ ገጹን ከፈተልኝ። ስክሪኑ ላይ ክብ ወጣ፤ ፊትን እዚያ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። እጄን ዘርግቼ ፊታቸው ላይ ደገንኩት። ከዚያ አፑ የሚያዘውን እያነበብኩ “ወደ ግራ ይዙሩ” አልኳቸው። ጋሼ ታደለ እጀታውን ገፋ አደረጉትና ጀልባው ዘወር ሲል እኔ የወይዘሮ ጥሩየ ዳቦ ላይ ተደፋሁ።

“ፊትዎን እንጂ ጀልባውን አይደለም!” አልኩ ከወደቅኩበት። እንደሻው እስኪያለቅስ ሳቀ። እንደገና ጀመርን። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዓይን መጨፈን፣ ዓይን መግለጥ። ዓይን ግለጡ ሲል ቀና ብለው፣ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ እያበራች ግልጥ አደረጉት። አፑ ለደቂቃ አሰበና አረንጓዴ ምልክት አወጣ። ሜሮን ከሐዋሳ እየመራችን ስሙን ቀየርን።

አስተያየቶቹን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ስለ ቆሎው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጅ ስለመያዙ ሲሰሙ ፈገግ አሉ። “ግሩም ይዘፍናል” ስል ግን ሞተሩን ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸው።

“ማን? እኔ?” አሉ። “ወይ ጉድ! እኔ እንኳን ሐይቅ ላይ፣ ሠርጌም ላይ አልዘፈንሁ።”

እዚያው ጀልባው ላይ የራሴን አስተያየት ጻፍኩ። ኮከቡን ሞላሁና ከሥሩ “ካፒቴን ታደለና ባልደረቦቹ አይዘፍኑም፤ ሐይቁን ነው የምትሰሙት” አልኩ። ለእንደሻው ሳነብለት ከመቀመጫው ተነሥቶ ሊስመኝ ሲል ጀልባው አዘነበለና ጋሼ ታደለ ተቆጡት። ሲቆጡት እንዴት ደስ እንዳለው ብታዩ!

ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። ዳሩ ሲቀርብ እንደሻው ፊት ሆኖ እየመራቸው፣ ጋሼ ታደለ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ጀልባዋን ቀስ ብለው አስጠጉ። ዋርካው ሥር የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ማን እንደሚነዳ አላስተዋሉም፤ ሲያስተውሉ አንድ በአንድ ተነሡ። ጋሼ ታደለ መጀመሪያ እኔን እጄን ይዘው አወረዱኝ፤ ማን ማንን እንደያዘ ለመለየት ቢያስቸግርም። ከዚያ ሰዎቹ ከበው ሲስሟቸው፣ አንዱ የተቀመጠበትን ወንበር አመጣላቸው፤ ሌላው ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

እሳቸው ወንበሩን በእጃቸው ገፉት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ወደ ሰዎቹ ድምፅ አዙረው፣

“መጨረሻው ማነው?” አሉ።

ከኋላ ያ መነጽር ያደረገው አጭሩ ሰው እጁን አነሣ፤ እንደማያዩት ትዝ ሲለው አወረደው።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ።”

ጋሼ ታደለ በድምፁ ሄደው ትከሻውን አገኙትና ከኋላው ቆሙ።